የድሃው የጤና መድን ድጎማ ይቀነስ ላልከው ወንድሜ

ጽሑፍህን ያነበብኩት ማታ ከሥራ ገብቼ ነው። ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ሲያድር ግን አንዳንዱ ያነሳኸው ነገር እውነት እንዳለው አየሁ፤ ተናዶ ዝም ከማለት ነጥብ በነጥብ መመለስ ይሻላል ብዬ ተነሳሁ። የጎንደር ልጅ ነህ፣ ከአጻጻፍህ እንደገመትኩት በዕድሜም አንራራቅም፣ ስለዚህ አንተ እያልኩ ብጽፍ አትቀየመኝም።

ላላነበባችሁት፣ ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ነው። መንግሥት መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ይሸፍንላቸዋል። ጸሐፊው ይህ ድጎማ ይቀነስ፣ ቀስ በቀስም ይቅር ይላል። በጀት የለም ይላል። ነፃ ነገር ይባክናል ይላል። ድሃ ተብለው የተመዘገቡት ሁሉ ድሃ አይደሉም፣ ሕዝባችን ዕድርና ዘመድ አለው፣ ገንዘቡ በሽታን ለመከላከል ቢውል ይሻላል፣ የሚጎድል ነገር ቢኖር ደግሞ ረጂ ድርጅቶች ይሞሉታል ይላል።

እኔ የምሠራው እዚሁ ጎንደር አንድ የግል መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ከደምቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከአርማጭሆ፣ ከደባርቅ፣ አንዳንዴም ከመተማ ሪፈር ተጽፎላቸው የመጡ ሰዎች ማዘዣቸውን ይዘው መስኮቴ ላይ ይቆማሉ። አንድ ጥያቄ አለ፣ በሳምንት ስንቴ እንደምሰማው መቁጠር ትቻለሁ። ሦስት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ዋጋውን ይሰማል፤ ያለውን ብር አውጥቶ ይቆጥራል፤ እንደገና ይቆጥራል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጄ፣ ከነዚህ ውስጥ ዋናው የትኛው ነው?» ይለኛል። ድጎማ የሚለውን ቃል ስሰማ የሚመጣብኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ እዚያ መስኮት ላይ ቆሜ እንደምጽፈው አድርገህ አንብበው።

ከበጀቱ እንጀምር። የመንግሥት እጅ እንዳጠረ እኔም አልክድም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ብዙው መድኃኒታችን የሚገባው በዶላር ነው፤ እዚህ የሚመረተውም ቢሆን ጥሬ ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው። ያን ሰሞን መደርደሪያዬ ላይ ዋጋ ስቀይር ነው የከረምኩት። አንተ ከዚህ ተነስተህ «ሁሉም ነገር ስለተወደደ መንግሥት ለድሃው የሚያወጣውን ይቀንስ» ትላለህ። እኔ ግን አልገባኝም። መንግሥትን ያቃተው ዋጋ አዘዞ ላይ ዕለት ተቀጥሮ የሚያድረውን ሰው እንዴት ይቻለዋል? ኑሮ ሲወደድ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው፤ ድጎማው በጣም የሚያስፈልገውም ልክ ያኔ ነው።

ሕግም አለ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 አውጥተህ ተመልከት። መንግሥት ጤናን፣ ትምህርትንና ሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶችን ለሕዝብ ለማቅረብ በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ይጥልበታል። እየጨመረ የሚሄድ ነው የሚለው፤ ሲመቸው የሚጨምር፣ ሲከብደው የሚቀንስ የሚል ቃል የለበትም። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ከመንግሥታቸው በጀት ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል፤ ቃሉ እኛንም ይመለከታል። ስለዚህ ክርክሩ ይህን ቃል እንዴት እናድርስ መሆን ሲገባው፣ አንተ ካለችው ላይ ደግሞ ከየት እንቁረጥ ብለህ መጣህ፣ ያውም ከሁሉም በታች ካለው ሰው።

ግን በጽሑፍህ ውስጥ በጣም ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ድጎማውን ለድሃው በእጁ እንደሚሰጥ ገንዘብ አድርገህ ነው የጻፍከው። እንደዚያ አይደለም።

የጤና መድኑ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር በ13 ወረዳዎች ነበር የተሞከረው። ከክልላችን ተሁለደሬ፣ ደቡብ አቸፈርና እዚሁ አጠገባችን ያለችው ፎገራ ነበሩበት። አሠራሩ ያኔም ሆነ አሁን በመሠረቱ አንድ ነው። አባል የሚሆነው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ ይህም የታመመው ብቻ ተመርጦ እንዳይመዘገብ ነው። መክፈል የሚችለው ቤተሰብ የዓመት መዋጮውን ይከፍላል። ለማይችለው ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። ሁሉም ብር የሚገባው አንድ ቋት ውስጥ ነው። ጤና ጣቢያው ያከመበትን ሒሳብ ለመድኑ ያቀርባል፣ መድኑ ይከፍለዋል፣ ጤና ጣቢያው ደግሞ በዚያ ብር መድኃኒት፣ የላብራቶሪ ዕቃ፣ ጓንት ይገዛል።

እንግዲህ አስበው። የድሃውን መዋጮ ስታስቀር ድሃው ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ቋቱ ይጎድላል። ጤና ጣቢያው ሒሳቡ ይዘገይበታል፣ ሲዘገይበት መድኃኒት አይገዛም፣ ጤፍ ሸጦ መዋጮውን በወቅቱ የከፈለው ገበሬም ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። ይህን የምነግርህ ከወረቀት አይደለም። «ከውጭ ግዛ» የተባለው ሰው የሚመጣው እኔ ጋ ነው። በእጁ የመድን ደብተር ይዞ፣ የከፈለበት ማኅተም እያሳየኝ፣ «ከፍያለሁ እኮ» ይለኛል። የግል መድኃኒት ቤት ስለሆንን በደብተር መስጠት አንችልም። እንደዚህ ሁለት ሦስቴ የተመለሰ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ለምን ይከፍላል? አይከፍልም። ከፋዩ ሲቀንስ ቋቱ እንደገና ይጎድላል። አንተ ከታች አንዲት ድንጋይ ልመዝዝ ነው ያልከው፤ ግንቡ ግን በሷ ላይ ነው የቆመው።

ገንዘቡ ይተርፋል ያልከውም አይተርፍም። ከመንግሥት መዝገብ ወጥቶ ወደ ድሃው ጓዳ ነው የሚገባው፤ እዚያ ደግሞ በጀት ብሎ የሚመዘግበው የለም።

ደምቢያ አንዲት አክስት አለችኝ። መድኑ እነሱ ወረዳ ሳይደርስ በፊት ባሏ ሆዱን ታመመ። አንጀቱ ተጠማዞ ነበር፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ተባለ። ሰውየው ተርፏል፣ ምስጋና ለሐኪሞቹ። ግን ለሕክምናው፣ ለመድኃኒቱ፣ ለመኪናው፣ ለአስታማሚ ምግብ ተብሎ ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ተሸጠ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። የመጀመሪያውን ዓመት ከጎረቤት ጋር ተቀናጁ፣ በሁለተኛው ቅንጃው አልተሳካም፣ መሬቱን እኩል ሰጡት። ምርቱ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። ስምንተኛ ክፍል የነበረችው ልጃቸው ትምህርቷን አቁማ ጎንደር መጥታ ሰው ቤት ተቀጠረች። አሁን ልጅ ወልዳለች፣ ደህና ናት፣ ግን ነርስ መሆን ነበር የምትፈልገው። አሁንም ትለዋለች።

ይህ ወጪ በየትኛው የመንግሥት ሪፖርት ላይ ነው ያለው? የትም። በአንተ ስሌት እኮ ያ ዓመት መንግሥት ምንም ያላወጣበት ጥሩ ዓመት ነው።

የአክስቴ ቤት ብቻ መስሎህ እንዳይሆን። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተሠራው ብሔራዊ የጤና ወጪ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በሀገሪቱ ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ሲሶ ያህሉ በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ ነው የሚወጣው። ያ ማለት በታመሙበት ሰዓት፣ ሠርቶ ማግኘት በማይችሉበት ሰዓት የሚከፈል ገንዘብ ነው። መድን የተባለው ነገር የመጣው ለዚህ ነበር፤ በደህና ጊዜ ትንሽ ትንሽ አዋጥቶ በክፉ ጊዜ በሬ እንዳይሸጥ።

«ነፃ ነገር ይባክናል» ወዳልከው ልምጣ። ራስ ምታት በያዘው ቁጥር የሚሄድ ሰው አለ ብለሃል። ይኖር ይሆናል። ግን ከአይከል አካባቢ ገጠር የምትመጣ እናት አንድ ቀን ለመታከም ምን እንደምታወጣ አስልተህ ታውቃለህ? መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ እዚያ ካልሆነ ሪፈር ይጻፍላታል። ለመኪና ከፍላ ጎንደር ትገባለች፣ ከመናኸሪያ በባጃጅ ሆስፒታል። ካርድ ክፍል ለመሰለፍ ገና ሳይነጋ ነው መድረስ ያለባት። ብቻዋን አትመጣም፣ አስታማሚ አለ፤ የሁለት ሰው ምግብ፣ ካልደረሳት ማደሪያ። የቀረው ሥራ አለ፣ ጎረቤት ዘንድ የተተወ ሕፃን አለ፣ ከዚያ መልስ መንገዱ ክፍት ነው ወይ የሚለው ጭንቀት አለ፣ ባለፉት ዓመታት በክልላችን መንገድ እንደልብ እንዳልነበር አንተም ታውቃለህ። ይህን ሁሉ ከፍሎ ለመዝናናት ሆስፒታል የሚሄድ ሰው እኔ አላየሁም። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። «እስኪ ይለፍልኝ ይሆናል» እያሉ ሦስት ወር ቆይተው የሚመጡ። ቁስሉ ካመረቀዘ በኋላ። ሳሉ ደም ካመጣ በኋላ።

ደግሞ ማስረጃ አለልህ። እናት በጤና ተቋም ስትወልድ በሕግ ነፃ ነው። አንተ እንደምትለው ነፃ ነገር ሁሉ ሰው የሚጎርፍበት ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ሁሉም እናቶች ጤና ተቋም ገብተው ይወልዱ ነበር። የሀገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ወሊዶች 5ቱ ብቻ፣ በ2016 ደግሞ 26ቱ በጤና ተቋም እንደነበሩ ነው የሚናገረው። ሰው ነፃ ስለሆነ ብቻ አይመጣም። መንገዱ፣ አምቡላንሱ፣ አዋላጇ፣ እምነቱ ተደማምረው ነው ያቺን 5 ወደ 26 ያደረሷት፤ በየቀበሌው በር እያንኳኩ ያሳመኑት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። በዚያው ጊዜ በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ከ871 ወደ 412 ወርደዋል። 412 አሁንም በጣም ብዙ ነው። ግን ያ ግማሽ የወረደው ገንዘብ ስለተቀነሰ አይደለም።

አሁን ደግሞ አንተ ልክ የሆንክበት ላይ ነኝ። ዝርዝሩ ውስጥ ድሃ ያልሆነ ሰው ገብቷል ያልከው እውነት ነው። እኔም ቤት የሚያከራይ ሰው በድሃ ስም የወጣ ደብተር ይዞ አይቻለሁ። በአንጻሩ በጠላ ሽያጭ አራት ልጅ የምታሳድግ ጎረቤታችን ሁለት ዓመት ስሟ ሳይገባ ቀርቷል፤ ድሃውን የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ የሚያውቃት ሰው ስላልነበረ ነው። ይህ ያበሳጫል፣ በጣም ያበሳጫል፣ አንተ ይህን ማንሳትህም ትክክል ነው።

ግን መፍትሔህን ተመልከት። ሌባ ገብቷልና ቤቱ ይፍረስ ነው እኮ ያልከው። ድጎማው ሲቀነስ ከዝርዝሩ መጀመሪያ የሚወጣው ማን ይመስልሃል? ቤት የሚያከራየው ሰውዬ? እሱ እንኳን ሊወጣ፣ ሲገባም የገባው በሰው ነው፣ ሲቆይም በሰው ይቆያል። የምትወጣው ጠላ የምትሸጠዋ ናት። የሚከራከርላት የለም።

ከዚያ ይልቅ የተመረጡት ሰዎች ስም ዝርዝር በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ አካባቢ ይለጠፍ። ከመጽደቁ በፊት ሰው አይቶ «ይሄኛው አይገባውም፣ ያቺኛዋ ተረስታለች» የሚልበት ቀን ይኑረው። የዕድር ዳኞች ይግቡበት፤ ማን ምን እንዳለው ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በየዓመቱ እንደ አዲስ ይታይ። ይህ ሁሉ ቢደረግ የሚያስወጣው ጥቂት ወረቀትና ሁለት ስብሰባ ነው። አንተም ይህን ብትጽፍ ኖሮ ጽሑፍህን በየቦታው የማጋራልህ እኔ ነበርኩ።

ዕድርን ካነሳሁ አይቀር። ሕዝባችን ዕድር አለው፣ ዘመድ አለው፣ መንግሥት ጣልቃ ሲገባ መረዳዳቱ ይጠፋል ብለሃል። በመረዳዳታችን እኔም እኮራለሁ። ገጠር ሰው ሲታመም የሰፈሩ ወጣት ተፈራርቆ በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ ድረስ ያወርደዋል፤ ስንቱ ነፍስ በዚያ ትከሻ ተርፏል። ግን ትከሻው የሚያደርሰው እስከ ሆስፒታሉ በር ነው። ከበሩ በኋላ የሚጠየቀው ገንዘብ ነው፣ ተሸካሚዎቹም ያው የሰፈሩ ድሆች ናቸው። ሁሉም በሬውን የሸጠበት ሰፈር ማን ለማን ያበድራል?

ዕድርማ ምን ጊዜ እንደሚመጣ ታውቃለህ። ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ይዞ ከቀብር በኋላ ነው የሚመጣው። አንዳንድ ዕድሮች ለታመመ አባል እንዲረዱ ደንባቸውን እንዳሻሻሉ አውቃለሁ፣ ይበል የሚያሰኝ ነው። ግን በወር ጥቂት ብር የሚሰበስብ የሰፈር ዕድር የቀዶ ጥገና ሒሳብ አይችልም። አንዴ ቢችል እንኳ ሁለተኛውን አይችልም። የጤና መድኑ ራሱ እኮ የዕድር ሐሳብ ነው፤ በወረዳ ደረጃ የሰፋ፣ ሰው ከመሞቱ በፊት የሚደርስ ዕድር። ድሃውን ከሱ አስወጥተህ ወደ ሰፈሩ ዕድር መመለስ መረዳዳትን ማጠናከር አይደለም።

መከላከል ይሻላል ወዳልከው። ይሄኛው ነጥብህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም በጎንደር ሰው አፍ ሲነገር ከሌላው በላይ ይከብደኛል።

የጤና ኮሌጃችን ለምን እንደተከፈተ ታስታውሳለህ? በእኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ አጋማሽ ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተመሠረተው። እዚያ የሠለጠኑት ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በቡድን ሆነው ወደየጤና ጣቢያው ወጡ። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ አንዱ ምንጭና መጸዳጃ ላይ ይሠራል። ሦስቱም በአንድ ጤና ጣቢያ። ማከምና መከላከል ተጣልተው አያውቁም፣ ቢያንስ እዚህ ከተማ አያውቁም። እኛ ለመላው ኢትዮጵያ ያስተማርነው ይህንን ነው። በዚያን ዘመን ሀገሪቱ ከዛሬው የባሰ ድሃ ነበረች፤ ወረርሽኝ ሲመጣ ግን መልሱ ተጨማሪ ገንዘብና ተጨማሪ ሰው ነበር።

ወባ ደግሞ ተመልሳለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ በሀገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙንና ከ1,100 በላይ መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ከተጎዱት ክልሎች አንዱ የኛው ነው። አጎበር ያስፈልጋል፣ ርጭት ያስፈልጋል፣ ትክክል ነህ። ግን ታክሞ ያልዳነ ሰው ራሱ የወባ ምንጭ ነው። ትንኟ ከሱ ወስዳ ነው ለጎረቤቱ የምታስተላልፈው። ሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ፤ አንድን በሽተኛ ቶሎ አግኝቶ ማከም ለቤተሰቡ ሁሉ መከላከል ነው። የምርመራ ገንዘብ የለኝም ብሎ ቤቱ እያሳለ የከረመ ሰው፣ መድኃኒቱ በነፃ እንደሚሰጥ ሳያውቅ ስንት ሰው ያስይዛል?

እኔ በየቀኑ የማየውን ደግሞ ልጨምርልህ። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት «ግማሹን ስጪኝ» የሚል ሰው። ሙሉውን ካልወሰድክ አይሆንም፣ በሽታው መድኃኒቱን ይላመዳል እላለሁ። «ይሁን፣ የቀረውን ሳገኝ እመለሳለሁ» ይላል፣ አይመለስም። በሽታው ሲመለስ ግን የበፊቱ መድኃኒት አይሠራም፣ የሚሠራው ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው። የደም ግፊትም እንደዚያው ነው። የግፊት ክኒን ከብዙ መድኃኒት ርካሽ ነው። አቋርጦት አንድ ቀን ግማሽ ጎኑ ሽባ ሆኖ ለወደቀ፣ ወይም ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ዲያሊስስ (በማሽን ደም ማጣራት) ለሚያስፈልገው ሰው ግን የሚወጣውን ወጪ እንኳን ድሃው ደህና ደመወዝ ያለውም አይችለውም። ለክኒኑ መክፈል ነው መከላከል። ድጎማው እኮ እሱን ነው የሚከፍለው!

ስኳር ሲባል የሀብታም በሽታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጎንደር ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሌላ ነገር ነው ያሳዩት። ከገጠር የሚመጡት ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች ብዙዎቹ ወጣት፣ ቀጭን፣ ድሃ ገበሬዎች ናቸው፣ በልጅነታቸው በደንብ ያልበሉ። ለነሱ ተብሎ ክትትሉ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ፣ ነርሶች እንዲከታተሉት ተደረገ፤ ይህም የኛው ከተማ ሥራ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ ሃያ ዓመት አይሞላውም። ማቀዝቀዣ ስለሌላቸው ኢንሱሊኑን በእርጥብ አሸዋ መሐል በተቀመጠ ትንሽ ገንቦ ነው የሚያስቀምጠው፣ እናቱ በየቀኑ አሸዋውን ውኃ ታጠጣለች። የሚኖረው በዚያ ገንቦ ነው። ለዚህ ልጅ ድጎማው ለአንድ ዓመት ተቋረጠ ማለት ምን ማለት ነው? ዓመት አይቆይም። ያለ ኢንሱሊን ቀናት ናቸው።

ረጂዎች ይሞሉታል ያልከውን ባጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም መልሱን ጊዜ ራሱ ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን በአንድ ትእዛዝ ስታቆም አየን። በሺዎች የሚቆጠሩ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ የጤና ሠራተኞች ኮንትራታቸው ተቋረጠ። ደግሞ ረጂ በሚሰጥበት ጊዜም የሚመርጠው በሽታ አለው። ለኤች አይ ቪ፣ ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለወባ ይሰጣል፤ መተማ ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዶ ካላ አዛር የተባለው በትንንሽ ዝንብ ንክሻ የሚመጣ በሽታ ይዞት ለተመለሰ የቀን ሠራተኛም መድኃኒቱ በዕርዳታ ነው የሚገኘው፣ እግዜር ይስጣቸው። ለአክስቴ ባል አንጀት ግን ረጂ አልነበረም። ለግፊት ክኒን የለም። ለገንቦው ኢንሱሊን አስተማማኝ የሆነ የለም። ይህን ሁሉ የሚሸፍነው ያ አንተ ይቅር ያልከው ቋት ነው።

በመጨረሻው አንቀጽህ ላይ «ሰው የሚያከብረው የከፈለበትን ነው» የምትል ነገር አለች። እሷን ሳልመልስ ብተው ቅር ይለኛል። ድሃው አይከፍልም ያለህ ማን ነው? ከሱቅ ዕቃ ሲገዛ፣ የሞባይል ካርድ ሲሞላ ግብር ይከፍላል። በእርሻው፣ በሸክሙ፣ በልብስ አጠባው የምንበላውንና የምንለብሰውን ያቀርባል። ደግሞም መክፈል ሲችል ራሱ መክፈል ነው የሚፈልገው። አክስቴ ዛሬ መዋጮዋን ራሷ ትከፍላለች። በየዓመቱ አዝመራ ከገባ በኋላ፣ ጥር ላይ፣ እህሏን ሸጣ መጀመሪያ የምትሄደው ደብተሯን ለማሳደስ ነው። ባሏ በታመመ ጊዜ ይህ ነገር ቢኖር ኖሮ እያለች።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቅዳሜ ገበያ ቀን ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከገጠር የመጣው ሰው ገበያውን ጨርሶ ወደኛ ይመጣል። የዚያን ቀን ብቅ በልና ባንኮኒው ጀርባ አጠገቤ ተቀመጥ፣ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ቡና አፈላልሃለሁ። የዱቤ ደብተራችንንም አሳይሃለሁ፤ ስማቸውን በወረቀት እሸፍነዋለሁ፣ የመድኃኒቱን ዓይነትና የቀረባቸውን ብር ብቻ ታያለህ። ገጹ ላይ የተሰረዘ መስመር ታገኛለህ። አንዳንዱ ከፍሎ የተሰረዘ ነው። አንዳንዱን ደግሞ እኛው ነን የሰረዝነው፣ ከፋዩ እንደማይመጣ ከሰማን በኋላ።